ሳይክል ነድቼ ከመጣሁ 5 ቀን ሆነኝ ሁለት ጣቶቼ እንደደነዘዙ ናቸው፣ ምን ላድርግ?

ልብስ_ሰፊው፦
ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ምክር ፈልጌ ነው። አዲስ አበባ ነው የምኖረው፣ ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው፣ እድሜዬ 38። ከክረምት መውጫ ጀምሮ እሁድ እሁድ ከጓደኞቼ ጋር ሳይክል እነዳለሁ። ባለፈው እሁድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ከአዲሱ ገበያ ተነስተን የጎጃምን መንገድ ይዘን ሱሉልታን አልፈን ጫንጮ ደርሰን ተመለስን፣ ደርሶ መልስ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ እኔ ደግሞ ከዛ በፊት ከ40 በላይ ነድቼ አላውቅም። የኅዳርን ውርጭ ታውቁታላችሁ፣ ሱሉልታ ሜዳው ላይ ሳሩ ነጭ ሆኖ ነበር፣ ጓንት አላደረግኩም፣ ስንሄድ አስሩም ጣቶቼ በብርድ ደርቀው ነበር ግን ፀሐይ ወጥታ ስትሞቅ ለቀቀኝ።

ችግሩ የመጣው ስንመለስ ነው። ዳገቱን ጨርሰን ወደ ከተማ በሚያወርደው ቁልቁለት ፍሬን ጨብጬ ስወርድ ትንሿ ጣቴና ቀለበት ጣቴ ይነዝሩኝ ጀመር፣ በሁለቱም እጅ። ቤት ስገባ ሁለቱም ደንዝዘዋል። ግራው ማታውኑ ተወኝ፣ ቀኙ ግን ይኸው ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው። ስነካው የሌላ ሰው ጣት የነካሁ ነው የሚመስለኝ። ማታ ማታ መርፌ የሚወጋኝ ዓይነት ስሜት አለው።

ያስፈራኝ ግን መደንዘዙ አይደለም። ትናንት ካፖርት ስቆርጥ መቀሱን የያዘው እጄ ቶሎ ዛለብኝ፣ መርፌ ደግሞ ሁለቴ ከእጄ ወደቀ። እኔ በዚህ እጅ ነው ሁለት ልጅ የማሳድገው። አማቴ ብርድ መትቶህ ነው በቅቤ ታሽ አሉኝ፣ ጎረቤቴ ጅማትህ ዞሮ ነው ወጌሻ ጋ እንሂድ ይለኛል፣ ሰፈር ያለ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ደግሞ እጄን ሳያዩ የነርቭ ቫይታሚን ነው ብለው መርፌ ወጉኝ፣ ለውጥ የለውም። እንደዚህ የገጠመው ሰው ካለ እባካችሁ።

ጣና_ዳር፦
ወንድሜ አይዞህ፣ እኔ ባሕር ዳር ነው ያደግኩት፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ከሳይክል አልወረድኩም፣ ይሄ ነገር ሁለት ጊዜ ይዞኝ ያውቃል። ረጅም መንገድ ሲነዳ የሰውነትህ ክብደት መዳፍህ ላይ ያርፋል፣ መሪው ደግሞ የመንገዱን ንዝረት በሙሉ ወደ እጅህ ያመጣዋል፣ እሱ ነው ሚያደነዝዘው። ሦስት ነገር ልጠይቅህ። አንደኛ ኮርቻው እንዴት ነው፣ አፍንጫው ወደታች ያዘነበለ ከሆነ ሙሉ መንገድ ወደፊት እየተንሸራተትክ በእጅህ ራስህን እየደገፍክ ነው የነዳኸው ማለት ነው። ሁለተኛ ክርንህን ቀጥ አርገህ ነው የምትነዳው ወይስ ለቀቅ አርገህ? ክርን ከተገተረ ጉድጓዱ በሙሉ ቀጥታ አንጓህ ላይ ይመታል። ሦስተኛ ጎማህን ጎሚስታ ቤት ነው ያስነፋኸው? እዛ እንደ መኪና እስኪደርቅ ነው ሚነፉልህ፣ ሳይክል ጎማ እንደዛ ሲሆን ድንጋይ ላይ የተቀመጥክ ያህል ነው። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር ከዚህ አትለፍ ማለት ነው እንጂ እዚህ አድርሰው ማለት አይደለም።

ደግሞ እጅህን አንድ ቦታ አታቆይ። የቱር ደ ፍራንስ ነጂዎችን፣ በ2016 እ.ኤ.አ. የኛው ጽጋቡ ግርማይ እንደተሳተፈበት ዓይነት ውድድር ላይ በደንብ ብታያቸው፣ አንዴ ከላይ ይይዛሉ አንዴ ከጎን አንዴ ከታች፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ እንደዛ ነው። ያንተ ሳይክል ቀጥ ያለ መሪ ከሆነ መያዣው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ስለዚ በየደቂቃው አንድ እጅህን አንስተህ አራግፈው።

ሲስተር_መ፦
ነርስ ነኝ። ከሳይክሉ ጋር የተያያዘ እንደሆነ ይመስለኛል ግን አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል፣ ይሄን የሚያነብ ሌላ ሰውም ስላለ። መደንዘዙ በድንገት የመጣና በአንድ ወገን ከሆነ፣ ማለትም እጅና እግር አንድ ላይ፣ ወይ ፊት ከተጣመመ፣ ወይ አፍ ከተሳሰረ፣ ወይ ደረት አፍኖ ይዞ ወደ ክንድ ከወረደ፣ ይሄ የሳይክል ጉዳይ አይደለም፣ በዛው ደቂቃ ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው፣ እስኪነጋ አይጠበቅም።

አንተን ልጠይቅህ፣ ስኳር ተመርምረህ ታውቃለህ? የምትወስደው መድኃኒት አለ? ለምሳሌ የቲቢ መድኃኒት ውስጥ ያለው አይሶናያዚድ ነርቭ ይነካል፣ ለዛ ነው ቫይታሚን ቢ 6 አብሮ የሚሰጠው። ሜትፎርሚን ለብዙ ዓመት የወሰደ ሰው ደግሞ ቢ 12 ሊያንሰው ይችላል። የእግርህ ጣቶችስ ደህና ናቸው?

ልብስ_ሰፊው፦
እህቴ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ምንም መድኃኒት አልወስድም፣ እግሬ ደህና ነው፣ ፊቴም አፌም ደህና ነው። ስኳር ተመርምሬ አላውቅም። አንድ ሰው ደግሞ የጾም ሰሞን ስለሆነ ነው አለኝ፣ የነቢያት ጾም ከገባ ገና ሳምንቱ ነው፣ ሊሆን ይችላል?

ጣና_ዳር፣ ኮርቻው በትክክል እንዳልከው ነው። መቀመጫዬን ሲያመኝ እኔው ራሴ ነኝ አፍንጫውን ወደታች ያዘነበልኩት፣ ለመቀመጫዬ አሻለኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ጎማውንም ጎሚስታ ነው ያስነፋሁት።

ፊዚዮ_ሐዋሳ፦
ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ ሐዋሳ፣ እዛም ሳይክል ነጂ ስለሚበዛ ይሄን ችግር ደጋግሜ አየዋለሁ። መጀመሪያ ጾሙን ከነገሩ አውጣው። በጾም የሚቀረው ከሥጋና ከወተት የሚገኘው ቢ 12 ነው፣ እሱ ደግሞ ጉበት ውስጥ ለዓመታት የሚበቃ ክምችት አለው፣ በአንድ ሳምንት ጾም አያልቅም፣ በእጥረት የሚመጣ መደንዘዝ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሁለቱም እግር ነው የሚጀምረው እንጂ ከአንድ እጅ ሁለት ጣት አይነሳም።

ለኔ ትልቁ ፍንጭ ያንተ ሁለት ጣቶች ናቸው። ሰው "እጄ ደነዘዘ" ሲለኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ የትኛው ጣት ነው፣ ምክንያቱም እጅ ላይ ነርቮቹ መሬት እንደተከፋፈሉ ገበሬዎች ናቸው፣ እያንዳንዱ የራሱ ድርሻ አለው። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ መሃል ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ የሚዲያን ነርቭ ድርሻ ነው፣ እሱ በአንጓ መሃል በጠባብ ዋሻ ነው የሚያልፈው፣ ካርፓል ተነል ሲባል የምትሰሙት እሱ ነው። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ሌላው ግማሽ ግን የአልናር ነርቭ ነው። ክርንህን ስትመታ ኮረንቲ የሚለቅብህ ነርቭ የለም? እሱ ራሱ ወርዶ በአንጓህ ላይ በትንሿ ጣት በኩል ወደ መዳፍ ይገባል። የሚገባበት ቦታ ጊዮን ቦይ ይባላል፣ በ1861 እ.ኤ.አ. ስለ ቦታው በጻፈው ፈረንሳዊ ቀዶ ሐኪም ስም ነው፣ ከኛ ግዮን ጋር አይገናኝም። እዛ ቦታ ላይ ነርቩን ከላይ የሚሸፍነው ስስ ነገር ስለሆነ ሳይክል መሪ ላይ ተደግፈህ አራት አምስት ሰዓት ስትቆይ መሪው ነርቩን ከአጥንቱ ጋር ያጣብቀዋል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትጨብጥ ደግሞ ክብደትህ በሙሉ ወደፊት ይሄዳል፣ ለዛ ነው ሲወርድ የጀመረህ።

አሁን እዛው ቤትህ ሆነህ ሁለት ነገር እይ። 

አንደኛው፣ የእጅህን ጀርባ በትንሿ ጣት በኩል በጥጥ ዳበስ አርገው፣ ከሌላው እጅ ጋር እኩል ይሰማሃል? የእጅ ጀርባውን የሚያገለግለው ቅርንጫፍ አንጓው ጋ ሳይደርስ ክንድ ላይ ነው የሚለየው። ስለዚ ጀርባው ደህና ሆኖ መዳፍ በኩል ብቻ ከደነዘዘ የተጨነቀው አንጓ ላይ ነው፣ ጀርባውም ከደነዘዘ ግን ችግሩ ከዛ በላይ ነው፣ ብዙ ጊዜ ክርን ላይ። አንተ ሰፊ ስለሆንክ ክርንህን ጠረጴዛ ላይ ስትደገፍ ትውል ይሆናል፣ እሱንም አስብበት።

ሁለተኛው የበለጠ ያሳስበኛል። አንድ ወረቀት በሁለቱም እጅህ በአውራ ጣትና በሌባ ጣትህ ጎን መሃል አጥብቀህ ያዝ፣ አውራ ጣቶችህ ቀጥ ብለው። ባለቤትህ ወረቀቱን ትጎትተው። የቀኝ አውራ ጣትህ ወረቀቱ እንዳያመልጠው ብሎ ጫፉ ላይ ከታጠፈ፣ ወይ ወረቀቱ ከቀኙ ሾልኮ ከወጣ፣ ጡንቻውን የሚያዘው ክፍልም ተነክቷል ማለት ነው። አድርገህ ንገረኝ።

እስከዛ ድረስ ሳይክሉን አትንካ። ወጌሻም አትሂድ እባክህ፣ ወጌሻ የሚረዳበት ነገር ሊኖር ይችላል ግን ተጨቁኖ ያበጠ ነርቭ ላይ አውራ ጣት ተጭኖ መታሸት ቁስል ላይ መርገጥ ነው። ቅቤውም ራሱ አይጎዳህም፣ መታሸቱ ነው።

የሚኒሶታ_ብርድ፦
ስለ ብርዱ ላንሳ፣ ምክንያቱም ያንተ ጠዋት የነበረውና ከሰዓት የመጣው ሁለት የተለያየ ነገር ይመስለኛል። ሚኒሶታ ከመጣሁ 12 ዓመቴ ነው፣ በረዶ ዝቄ ቤት ስገባ ጣቶቼ እንደ ሻማ ነጭ ይሆናሉ፣ ከዛ ይጠቁራሉ ሰማያዊ ነገር ይሆናሉ፣ ሲሞቁ ደግሞ እሳት እስኪመስሉ ይቀላሉና ይነዝራሉ። መጀመሪያ ዓመት ላይ አልቅሻለሁ። ሐኪሟ ራይኖ ነው አለችኝ፣ የጣት ደም ሥሮች ብርድ ሲነካቸው ከልክ በላይ ተኮማትረው ደም ይከለክላሉ። ሲጋራ ያብሰዋል፣ አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒትም እንደዛው፣ ነዛሪ ማሽን ለረጅም ጊዜ የሚይዙ ሰዎችም ላይ ይመጣል አለችኝ። ግን እሱ ሲሞቅ ይለቃል፣ ሁለት ጣት ለይቶ አምስት ቀን አይቀመጥም።

አንድ ነገር ግን እዚህ ላይ ልለምናችሁ፣ የደነዘዘ እጅ እሳት ላይ ወይ ሙቅ ውሃ ውስጥ አትክተቱ። ሙቀቱ ስለማይሰማህ ትቃጠላለህ። የአጎቴ ልጅ ከሥራ በረዶ ላይ ውላ መጥታ ምድጃ ላይ እጇን ዘርግታ ቆዳዋ ሲላጥ ነው ያወቀችው። ብብታችሁ ውስጥ አስገቡት፣ ቀስ እያለ ይሙቅ።

የሰሜን_ልጅ፦
እኔ ደባርቅ ነው ሥራዬ፣ ተጓዥ ይዤ ተራራ እወጣለሁ። ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ይላል ግን ብዙ ሰው ስለሚደነግጥበት ልጻፈው። ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፣ አንዳንዱ ከፍታው እንዳያመው ዳያሞክስ የሚባለውን ክኒን እየወሰደ ይመጣል፣ ከዛ ማታ ድንኳን ውስጥ ጣቴ ነዘረኝ ከንፈሬ ዙሪያ ወረረኝ ብሎ ልቡ ሊቆም ይደርሳል። ክኒኑ ነው፣ ሲያቆሙት ይጠፋል። እንዳውም ምልክቱን ልንገራችሁ፣ አምቦ ውሃ ስትጠጡ ጣዕሙ ከተቀየረባችሁ እሱው ነው፣ ጋዝ ያለው መጠጥ በሙሉ ጣዕሙ ይበላሻል።

ሌላው ደግሞ የቦርሳ ማንገቻ ነው። ከባድ ሻንጣ በቀጭን ማንገቻ ትከሻ ላይ ሲውል ከአንገት ወደ ክንድ የሚወርዱትን ነርቮች ይጫናል፣ ክንድ በሙሉ ይደነዝዛል። ወገብ ላይ የሚታሰረውን ቀበቶ አጥብቃችሁ ክብደቱን ወደ ዳሌ አውርዱት። በቅሎ ካለ ደግሞ ለበቅሎው ስጡት።

ልብስ_ሰፊው፦
ፊዚዮ እህቴ፣ ያልሽኝን አደረግኩ። የእጄ ጀርባ ደህና ነው፣ እኩል ነው የሚሰማኝ። ወረቀቱን ግን ባለቤቴ ስትጎትተው ከግራው አልወጣም፣ ከቀኙ ሳትታገል ነው የወሰደችው። አውራ ጣቴም ታጠፈ። ሦስቴ ሞከርን ሦስቴም ያው ነው። እሷ ደንግጣ ዝም አለች። የስፌት ሞዴል የምቆርጥበት ወረቀት ነበር፣ እሱን ወረቀት 20 ዓመት ሙሉ ይዤው ከእጄ ወድቆ አያውቅም።

ፊዚዮ_ሐዋሳ፦
እሺ ወንድሜ፣ ስለሞከርከው ጥሩ ነው። ከዚህ በኋላ ቤት የሚቀመጥ ነገር አይደለም፣ መደንዘዝ ብቻ ቢሆን ሁለት ሦስት ሳምንት እጅህን አሳርፈህ እንየው እልህ ነበር፣ ኃይል ሲቀንስ ግን ሐኪም ማየት አለበት። የነርቭ ሐኪም ወይ የእጅ ቀዶ ሕክምና የሚያውቅ የአጥንት ሐኪም ፈልግ፣ በዚህ ሳምንት። እዛው እያለህ ስኳርና ታይሮይድም (አንገት ላይ ያለው እጢ) በደም እንዲታይልህ ጠይቅ። በኤሌክትሪክ የሚደረግ የነርቭ ምርመራ ሊያዙልህ ይችላሉ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙ ላያሳይ ስለሚችል ወደ 3 ሳምንት ሲሆነው ነው የጡንቻው ክፍል ጥሩ የሚታየው፣ ስለዚ ቆይተህ ና ቢሉህ ችላ አሉኝ ብለህ አትከፋ።

ብዙው ሰው ይመለሳል። ነርቩ ተጨቁኖ ብቻ ከሆነ በሳምንታት ውስጥ ይነሳል፣ ውስጡ ከተጎዳ ግን እንደገና እያደገ ነው የሚመጣው፣ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ። ዋናው መጫኑን ማቆም ነው። መቀስህን መያዝ ካለብህ እጀታውን በጨርቅ ወፍራም አድርገህ ጠቅልለው፣ በመዳፍህ ደግሞ ካውያ አትጫን።

ልብስ_ሰፊው፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ሰባት ሳምንት ሆነ፣ ሳልነግራችሁ ብቀር ደግ አይደለም ብዬ ተመለስኩ። ሐኪሙ አንጓዬን በሁለት ጣቱ ተጫን ሲያደርገው ነዝሮኝ ልነሳ ደረስኩ፣ እዚህ ነው አለኝ፣ ፊዚዮ እህቴ ያለችው ቦታ ላይ። ስኳርም ታይሮይድም ደህና ነኝ። በአራተኛው ሳምንት የነርቭ ምርመራው ተሠራልኝ፣ ተጨቁኗል፣ የተወሰነ ጉዳትም አለው፣ ግን አልተቆረጠም አለኝ። ማታ ማታ አንጓዬን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ነገር አስሬ እተኛለሁ፣ ቀዶ ሕክምና ለጊዜው አያስፈልግም፣ ከሦስት ወር በኋላ ካልተሻለው እንነጋገራለን ተባልኩ።

የመጀመሪያውን ሦስት ሳምንት አልዋሻችሁም በጣም ከባድ ነበር። ለገና የታዘዘ ልብስ ነበረኝ፣ ግማሹን ለጓደኛዬ ሰጠሁ፣ ግማሹን ባለቤቴ ቁልፍ እየሰፋችልኝ እኔ በማሽን ብቻ ጨረስኩ። አሁን ግን መቀሱ አይዝለኝም። ወረቀቱን በየእሁዱ እየያዝን እንጎትተዋለን፣ ባለፈው እሁድ ከእጄ ለማውጣት ታገለች። ቀለበት ጣቴ በሙሉ ተመልሷል። የቀረው ትንሿ ጣቴ ከመሃሏ በላይ ነው። በቀን 1 ሚሊ ሜትር ስትይኝ ሜትሬን አውጥቼ ከአንጓዬ እስከ ጣቴ ጫፍ ለካሁት፣ 15 ሳንቲም ተኩል ነው፣ ስለዚ እስከ ሚያዝያ ማብቂያ እጠብቃለሁ፣ ከዛ በፊት ከመጣም እሰየው።

ሳይክሉን በተመለከተ፣ ኮርቻውን በውሃ ልክ አስተካክዬ ሁለት ጣት ያህል ወደኋላ ሳብኩት፣ መቀመጫዬን ያመኝ የነበረው ለካ ከፍታው በዝቶ ነው፣ ዝቅ ሳደርገው እሱም ተወኝ። መሪውን ከፍ አስደረግኩ። ጎማውን ቀነስኩ። ጓንት ራሴ ሰፋሁ፣ መዳፉ ላይ አንጓው ጋ ያለውን ቦታ ባዶ ትቼ ከግራና ከቀኙ ስፖንጅ አስገባሁበት፣ ነርቩ ያለበት መሃሉ ክፍት ሆኖ እንዲቀር። ሐኪሙ ከፈቀደልኝ ወዲህ አንዴ ብቻ 15 ኪሎ ሜትር ነዳሁ፣ ሜዳ ለሜዳ፣ አልነዘረኝም። ቁልቁለት ግን ገና ፈራሁ። ጣና_ዳር፣ ስትወርድ ፍሬኑን በስንት ጣት ነው የምትይዘው?

ጣና_ዳር፦
እልል! ደስ ሲል። በሁለት ጣት፣ በሌባ ጣትና በመሃል ጣት፣ ሌሎቹ መሪውን ይያዙ። ያለማቋረጥ አትጨብጥ፣ ጠበቅ አርገህ ፍጥነቱን ስበርና ልቀቀው፣ እንደገና ጠበቅ፣ በለቀቅክባት ሰከንድ እጅህ ትተነፍሳለች። መቀመጫህን ወደኋላ ገፋ አድርግ፣ ክብደትህ ፔዳሉ ላይ ይረፍ። የፍሬኑ እጀታ ሩቅ ከሆነብህ ደግሞ ወደ መሪው የምታቀርብበት ትንሽ ብሎን አለችው፣ ግማሽ ዙር አጥብቃት። ጓንቱን ለሰው ትሰፋለህ? አንድ ለኔ፣ መዳፌ ሰፊ ነው፣ ልኬን በውስጥ መስመር እልክልሃለሁ።